የተውኔት የመጀመሪያ ጆሮ

ግጥም ብቻውን ሊወለድ ይችላል። ገጣሚው በእኩለ ሌሊት ተነሥቶ ስንኙን ከቋጠረ በኋላ ጠዋት ለወዳጁ ቢያነብለት መልካም ነው፤ ባያነብለትም ግጥሙ ግጥም ከመሆን አይጎድልም። ተውኔት ግን የዚህ ዕድል ተካፋይ አይደለም። በወረቀት ላይ ያለ ተውኔት በሸማኔ ዕቃ ላይ እንደ ተወጠረ ድር ነው፤ ማጉ የተዋናዩ ትንፋሽና የተመልካቹ ጸጥታ ነው። ማግ ያልገባበትን ድር ደግሞ ኩታ ብሎ የሚለብሰው የለም። እንግዲህ ያንን ማግ በመጀመሪያ የሚያቀብለው ማን ነው? አንድ አዲስ ተውኔት ከጸሐፊው እጅ ሲወጣ በቅድሚያ የሚያርፈው በማን ጆሮ ላይ ነው?

ጥያቄውን የማነሣው ለንድፈ ሐሳብ ካለኝ ፍቅር የተነሣ አይደለም። ከሁለት ዓመት ወዲህ በአያት አካባቢ የምንኖር ስድስት ሰዎች በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እየተሰበሰብን፣ ያላለቀ ተውኔታችንን ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናነባለን። ሁለቱ በቴአትር ጥበባት የተመረቁ ወጣቶች ናቸው። አንዷ ለሬዲዮ ድራማ ስትጽፍ የኖረች ናት። አንዱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር፣ አንዷ ነርስ፣ ስድስተኛው ደግሞ ይህን የሚጽፈው ሰው ነው። ስም የለንም፤ ማኅተምም የለንም። ማኅተም ሳይኖረው ሁለት ዓመት የዘለቀ ማኅበር በአገራችን ከእኛ በስተቀር ይኖር እንደ ሆነ መምህሩ በየጊዜው እየጠየቀ ያስቀናል።

የምንሰበሰበው በኮንዶሚኒየሙ የጋራ መገልገያ ቤት ውስጥ ነው። ይህን ዓይነቱን ቤት መሐንዲሶች ሲነድፉት ለከብት ማረጃ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ ብለው ነበር። ነዋሪው ግን ከዚህም ሌላ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለዕድር ስብሰባና ለልጆች ማስጠኛ አዋለው። ግድግዳው ባዶ በመሆኑ ድምፅን ያስተጋባል፤ በሹክሹክታ የተጻፈ ቃለ ምልልስ እዚያ ቤት ውስጥ ሹክሹክታ ሆኖ አይቀርም። ይህ ጉድለት ነው ብዬ አስቤ አላውቅም።

አያት ስሙን የወረሰው ከአንድ የቤት ገንቢ ድርጅት ነው። ቃሉ አረጋዊ ነው፤ ሰፈሩ ግን ገና ልጅ ነው። በሰፈሩ ውስጥ ሽማግሌዎች ሞልተዋል፤ ይሁንና የልጅነታቸው ትዝታ ሁሉ የሌላ ሰፈር ነው። አንዱ ከልደታ፣ አንዱ ከአራት ኪሎ፣ ሌላው ከካዛንቺስ መጥቷል። ብዙዎቹ በዕጣ የደረሳቸውን ቁልፍ ይዘው፣ ጎረቤታቸው ማን እንደሚሆን ሳያውቁ ደረጃውን የወጡ ናቸው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መሥመር ምሥራቃዊ ጫፉ አያት ነው። ባቡሩ በሲኤምሲ፣ በጉርድ ሾላና በመገናኛ አልፎ ስታዲየም ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ብሔራዊ ቴአትር የእግር መንገድ ነው። ነባሮቹ የመንግሥት ቴአትር ቤቶች ሁሉ፣ ሀገር ፍቅርም፣ ማዘጋጃ ቤትም፣ ራስም ያሉት በአሮጌው ከተማ ውስጥ ነው። ከተማው ወደ ምሥራቅ ሲሰደድ ቴአትሩ አብሮት አልተሰደደም። እኛ አያት ላይ ተቀምጠን የምንጽፈው ተውኔት እንግዲህ በመጀመሪያ አሥራ ምናምን ኪሎ ሜትር መጓዝ አለበት፤ የከተማውን ታሪክ ጀርባውን ሰጥቶ ሳይሆን ተሸክሞ።

የዘመናዊ ተውኔታችን ታሪክ የመጀመሪያው ገጽ ሲገለጥ የምናገኘው የመጀመሪያውን ጆሮ ታሪክ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ ተምረው የመጡ፣ ቴአትር ምን እንደሚመስል በዐይናቸው ያዩ ሰው ነበሩ። በ1910ዎቹ የጻፉት «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ» በመኳንንቱ ፊት ታየ። በመድረኩ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች ቢሆኑም የተቀመጡት ጌቶች የገዛ ራሳቸውን ድምፅ ሰሙ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥትም ተውኔቱ ታገደ። የመጀመሪያው ተውኔታችን በዚሁ የመጀመሪያው የታገደ ተውኔታችን ለመሆን በቃ። ሁለቱ ማዕርጎች በአንድ ድርሰት ላይ መደረባቸው እንደ ዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኢትዮጵያ ጸሐፌ ተውኔት ብዕሩን ሲያነሣ በቅድሚያ የሚታየው ተመልካቹ ሳይሆን ከፊተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠው ትልቅ ሰው ሆነ።

በ1948 ዓ.ም. የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ በዓል ተመርቆ የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ሲታይበት ቤቱ ትልቅ፣ መጋረጃውም የከበረ ነበር። ፊተኛው ወንበር ግን በቦታው ነበረ። ኋላም ወንበሩ ወደ ቢሮ ተለወጠና የሳንሱር ክፍል ተባለ። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 ቅድመ ምርመራን አስቀረ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ማንኛውንም ዓይነት ቅድመ ምርመራ ከለከለ። ሕጉ መልካም ነው። ልማዱ ግን ከሕጉ ዕድሜው ይበልጣል። እስከ ዛሬ ድረስ አብዛኛው አዲስ ተውኔት ከጸሐፊው እጅ ወጥቶ በቀጥታ የሚያመራው ወደ ፈራጅ እንጂ ወደ አድማጭ አይደለም።

የቴአትር ቤት ገምጋሚ ኮሚቴ አያስፈልግም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። አንድ ቤት በመድረኩ ላይ የሚያወጣውን ሊመርጥ ግድ ነው፤ መድረኩ አንድ ነው፣ ድርሰቱ ብዙ ነው። የምለው ሌላ ነው። ገምጋሚው የመጀመሪያው አንባቢ ከሆነ፣ ጸሐፊው ያላለቀውን እንዳለቀ አስመስሎ ለማቅረብ ይገደዳል። ጥርጣሬውን ይደብቃል። የማያውቀውን ትዕይንት በንግግር ይሸፍነዋል። ስሙን መጥራት በማያስፈልገኝ አንድ ቤት ያስገባሁት ድርሰት ከአሥራ አራት ወር በኋላ «የሚስተካከል ነገር አለው» ከሚል የአንድ ገጽ ደብዳቤ ጋር ተመልሶልኛል። የሚስተካከለው የትኛው ገጽ፣ የትኛው ገጸ ባሕርይ፣ የትኛው ምልልስ እንደ ሆነ ደብዳቤው አይናገርም። ከእኔ ዕድሜ በላይ ያሉም ከእኔ በታች ያሉም የሙያ ባልደረቦቼ የዚህ ደብዳቤ ወንድምና እኅት በየመሳቢያቸው አላቸው።

የሚገርመው ይህ ልማድ ከገዛ ባህላችን የመጣ አለመሆኑ ነው። በቅኔ ቤት የነበረውን ሥርዓት እናስታውስ። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ረጅሞቹ የቅኔ ዓይነቶች ይሸጋገራል። ቅኔውን የሚቆጥረው ብቻውን ነው፤ ከዛፍ ሥር፣ ከመቃብር ድንጋይ አጠገብ፣ ከወንዝ ዳር ተቀምጦ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይውላል። ከዚያ በኋላ ግን የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል። ባልንጀሮቹ በአካባቢው ናቸው፤ ይሰማሉ። መምህሩም ያርማል፤ ቃሉ ቤቱን ካልመታ፣ ሰሙ ወርቁን ካልተሸከመ፣ እዚያው በጆሮ ይታወቃል። ቅኔው ወደ ቅዳሴው ወይም ወደ ማኅሌቱ ከመግባቱ በፊት በቃል ተነግሮ፣ በጆሮ ተሰምቶ፣ በቃል ታርሟል። ሰሚው ሁሉ ገር ነበር አልልም፤ የቅኔ መምህር ቁጣ የታወቀ ነው። ነገር ግን ቁጣው ቦታውን ያሳያል። «የሚስተካከል ነገር አለው» ብሎ ተማሪውን የሚያሰናብት የቅኔ መምህር አልነበረም።

የተውኔት አባቶቻችን ከዚህ ቤት የወጡ መሆናቸውን ልብ ይሏል። ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ የቅኔ ልጅ ነበር። መንግሥቱ ለማ ከአለቃ ለማ ኃይሉ የተወለደ፣ ቅኔን ከወተት ጋር የጠጣ፣ ከዚያም ለንደን ሄዶ የተማረ ሰው ነው። «ጠልፎ በኪሴ»ንና «ያላቻ ጋብቻ»ን ያነበበ ሁሉ እንደሚያውቀው የመንግሥቱ ምልልስ በዐይን ሲነበብ ጥሩ ነው፤ በጆሮ ሲሰማ ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል። በበኩሌ ይህ የጆሮ ብልሃት ከለንደን የመጣ ነው ብዬ አላምንም።

ሁለቱን ቤቶች፣ የቅኔውንና የዘመናዊውን ቴአትር ቤት፣ ለማገናኘት የተደረጉ ጥረቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1963 በዩኒቨርሲቲው የተቋቋመው የፈጠራ ጥበባት ማዕከል ሙዚቀኛን፣ ተዋናይንና ጸሐፊን በአንድ ጣሪያ ሥር አሰባስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ክፍል ተከፈተ፤ ዛሬ በዮፍታሔ ንጉሤ ስም የሚጠራው ትምህርት ቤት መነሻው ይኸው ነው። መንግሥቱ ለማ በዚህ ክፍል የተውኔት አጻጻፍን አስተምሯል። ደበበ ሰይፉም «የቴአትር ጥበብ ከጸሐፌ ተውኔቱ አንጻር» የተባለውን መጽሐፉን በ1973 ዓ.ም. አበረከተልን። ይህ መጽሐፍ በቡድናችን ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ከመዘዋወሩ የተነሣ ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር ተይዟል። የክፍሉ ምሩቃን ግን ዲፕሎማቸውን ይዘው ከግቢው በር ሲወጡ ጉባኤው ከኋላቸው ይቀራል። ተማሪ ሳለ አሥር ጆሮ የነበረው ወጣት ከተመረቀ በኋላ አንድም የለውም።

ከውጭው ዓለም ስለዚህ ጉዳይ የሚጠቀስ አንድ ቤት አለ። በለንደን የሮያል ኮርት ቴአትር እ.ኤ.አ. በ1958 የጸሐፊዎች ቡድን አቋቁሞ ነበር። አርኖልድ ዌስከር፣ ጆን አርደን፣ አን ጄሊኮ፣ ኤድዋርድ ቦንድ፣ ከእኛው አህጉርም ወሌ ሾይንካ የተገኙበት ቡድን ነው። የእኛው ጸጋዬ ገብረ መድኅንም እ.ኤ.አ. በ1959ና በ1960 መካከል በዚያው ቤት የመድረክ ሥራን ለማጥናት ሄዶ ነበር። ቡድኑን ከመሩት አንዱ ኪት ጆንስተን እንደ ተናገረው ቡድኑ አንድ ጠንካራ ደንብ ነበረው፤ ይኸውም በድርጊት ሊታይ የሚችለውን ነገር ሁሉ በድርጊት ማሳየት እንጂ ስለ እርሱ መከራከር ክልክል መሆኑ ነው። ትዕይንቱ ደካማ ነው የሚል ሰው ተነሥቶ ይሥራው።

እኛም ይህን ደንብ ወስደን በአገራችን ልክ ቆረጥነው። የድርሰቱ ባለቤት ሲነበብ አፉን ይዘጋል። ምን ለማለት እንደ ፈለገ አያስረዳም፤ በመድረክ ላይ ቢታይ ኖሮ ከመጋረጃው ፊት ቆሞ ሊያስረዳ አይችልምና። አድማጩም «ደካማ ነው» ወይም «ግሩም ነው» አይልም፤ ልቡ የቀረበትን ቦታ ይጠቁምና ያንኑ ቦታ በራሱ ድምፅ እንደገና ያነበዋል። ታላላቆቻችን በአብዮቱ ዘመን በየስብሰባው ስለ ነበረው ሒስና ግለ ሒስ ሲያወጉን ሰምተናል። ያ ሥርዓት ሰውየውን አስቀምጦ ድርሰቱን ትቶ ሰውየውን ያርም ነበር። በእኛ ቤት የሚታረመው ወረቀቱ ብቻ ነው። ሻይ የሚያፈላው ሰው ተራም በጥብቅ ይከበራል፤ ከደንቦቻችን ሁሉ የማይጣሰው እርሱ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚጠቅም የሚታየው በአንድ ድርሰት ላይ ነው። መምህሩ ባለፈው ዓመት ሦስት ገቢር ያለው ተውኔት ይዞ መጣ። ነገሩ እንዲህ ነው። በመሀል ከተማ አርባ ዓመት የቆየ ዕድር አለ። ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ይፈርሳል፤ አባላቱ ወደ አያት፣ ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶና ወደ ኮዬ ፈጬ ይበተናሉ። ዕድሩ ይፍረስና ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱና የባንክ ገንዘቡ ይከፋፈል ወይስ ተበታትኖም ቢሆን ይቀጥል? በመጀመሪያው ረቂቅ ይህን ጥያቄ የዕድሩ ዳኛና አንድ የወረዳ ሹም ፊት ለፊት ቆመው ይከራከሩበታል። ዳኛው ስለ ባህል ይናገራሉ፤ ሹሙ ስለ ልማት ይናገራል። ሁለቱም ረጅም ይናገራሉ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሀያኛው ገጽ ላይ ስንደርስ ነርሷ ሰዓቷን አየች፤ እኔም የመስኮቱን ብርጭቆ መቁጠር ጀምሬ ነበር።

ከዚያ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ገባ። በሰማንያ አራት ገጽ ውስጥ የተሰጡት ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ብቻ ነበሩ። መልእክት አድርሶ ሊወጣ ሲል ወደ ዳኛው ዘወር ይልና «ጌታዬ፣ እኔ እንግዲህ ጥሩምባውን የት ቆሜ ልንፋ?» ይላል። ዳኛው መልስ አይሰጡትም፤ ክርክራቸውን ይቀጥላሉ። ደራሲውም ከዚያ በኋላ ረስቶታል። ቤቱ ግን ጸጥ አለ። ለሬዲዮ የምትጽፈው ባልደረባችን የያዘችውን ወረቀት ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። እዚያ ቦታ ላይ ቆምን።

ደንባችን ስለሆነ ማንም አላብራራም። ያንኑ ምልልስ በየተራ አነበብነው። ከምሩቃኑ አንዱ እንደ ቧልት አነበበው፤ ሳቅን፤ ሳቁም የሚያሳፍር አልነበረም፤ አምስት ፎቅ ሕንፃ ሥር ጥሩምባ ይዞ የቆመ ሰው የሚያስቅ ነገር አለው። ቀጥላ ነርሷ አነበበችው። እርሷ በሥራዋ የሞትን ወሬ ለቤተሰብ የምታደርስ ሴት ናት፤ ከክፍሉ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ የሚጠብቁትን ሰዎች ስታይ በመጀመሪያ ወደ የትኛው ፊት እንደምትመለከት ታውቃለች። ዐረፍተ ነገሩን በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ከ«እንግዲህ» በኋላ ትንፋሽ ወስዳ ተናገረችው። ያን ጊዜ የተውኔቱ ጥያቄ ስለ ድንኳኑና ስለ ብረት ድስቱ አለመሆኑ ለሁላችንም ግልጽ ሆነ። ሞት በስልክ መልእክት በሚነገርበት ከተማ፣ የሌላውን ኀዘን የግድ እንድሰማ የሚያደርገኝ ማን ነው? ስልኩን ማጥፋት እችላለሁ። ጥሩምባውን ግን ማጥፋት አልችልም ነበር።

መምህሩ ይህን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ጽፎ ያዘ። ሆኖም የዚያን ቀን ዋናው እርማት የመጣው ከስድስታችን አልነበረም። የሕንፃዎቹ ጥበቃ የሆኑት አዛውንት ሁልጊዜ ከበሩ ውጭ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ፤ ግቡ ብንላቸው «ሥራ ላይ ነኝ» ይላሉ። ልንበተን ስንነሣ ብርድ ልብሳቸውን እያስተካከሉ «ልጆች፣ ይቅር በሉኝ፤ የተማረ ሰው ንግግር መሀል ገባሁ እንጂ ጥሩምባ ነፊ እንዲያ ብሎ አይጠይቅም» አሉ።

መምህሩ «እንዴት አባባ? ምን ይላል ታዲያ እርስዎ በሚያውቁት?» አላቸው።

«ምንም አይል። ይነፋል። ማን በሩን እንደ ከፈተ ያያል። ሰፈሩ እስከ የት እንደ ሆነ የሚያውቀው በዚያ ነው።»

እኚህ ሰው በቀድሞ ሰፈራቸው ዕድር ውስጥ ምን እንደ ነበሩ አልጠየቅናቸውም፤ መጠየቅም አላስፈለገም። የሁለተኛው ረቂቅ ሦስተኛ ገቢር የተወለደው ከዚህ ንግግር ነው። በአዲሱ ገቢር ሹሙና ዳኛው የሉም። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ጥሩምባ ነፊው በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ቆሞ ይነፋል። የሞተችው ሴት በዚያ ሕንፃ የኖረች አይደለችም፤ ከሕንፃው ነዋሪዎች አንድም የሚያውቃት የለም። አንዳንዱ መስኮት ይበራል። አንዱ ጥበቃ ይጠራል። አንዷ እናት ሕፃን ታቅፋ በሩን ገርበብ ታደርጋለች። ከዚያ በኋላ ምን ይሁን? ሰዎቹ ይውረዱ ወይስ በሩ ይዘጋ? መምህሩ እስከ ዛሬ አልቆረጠም።

እንዲህ ያለው የሕዝብ እርማት በአህጉራችን የታወቀ ታሪክ አለው። በኬንያ፣ በሊሙሩ አጠገብ ባለችው ካሚሪቱ መንደር፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ በኪኩዩ ቋንቋ የጻፉትን ተውኔት የመንደሩ ገበሬዎችና ሠራተኞች ከጅምሩ እያነበቡ አርመውታል። ሽማግሌዎች ስለ ቋንቋው፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ስለ ደመወዛቸው «እንዲህ አይደለም» ይሉ ነበር። ልምምዱ የሚካሄደው በግልጽ ሜዳ ላይ ስለ ነበር መንደርተኛው ተውኔቱ ከመታየቱ በፊት በቃሉ ያውቀው ነበር ይባላል። መጨረሻው የሚያሳዝን ነው፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ታገደ፣ ደራሲው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በዓመቱ መጨረሻ ታሰረ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የመንደሩ ቴአትር ፈረሰ። የካሚሪቱ ትምህርት ግን በመታገዱ ውስጥ ብቻ ተፈልጎ መገኘት የለበትም። ንጉጊ በዓለም የታወቀ የልቦለድ ደራሲ ነበር፤ ቋንቋውን እንደገና ያስተማሩት ግን ገበሬዎች ናቸው።

ወደ እኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ሌላ ምሳሌ ደግሞ ከሩቅ ይመጣል። ከሳሞኣና ከሌሎች የሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ሥራ ፍለጋ ወደ ኒው ዚላንድ የፈለሱ ቤተሰቦች ልጆች እ.ኤ.አ. በ1993 በክራይስትቸርች ከተማ ፓሲፊክ አንደርግራውንድ የተባለውን ቡድን መሠረቱ። ኦስካር ካይትሊና ሳይመን ስሞል በዚያው ዓመት የጻፉት ተውኔት ከደሴቱ አዲስ የመጣን ሰው ቀድመውት ከተማውን ከለመዱት ዘመዶቹ ጋር ያፋጥጣል። ወላጆቻቸው የመጡበት ደሴት የራሱ ወግ ነበረው፤ የሰፈሩበት ከተማም የራሱ ቴአትር ነበረው፤ በሁለቱ መካከል ስላለው ኑሮ ግን በከተማው መድረክ የሚናገርላቸው አልነበረም። አያት የኒው ዚላንድ ከተማ አይደለም፤ ከልደታ አያት የሚያልፍ ውቅያኖስም የለም። ቢሆንም አንድ ሰው ያደገበትን ሰፈር ትቶ በማያውቀው ደረጃ ላይ ሲቆም የሚያጋጥመው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ ለዚያ ጥያቄ የሚሆን ተውኔትም ከሌላ ቦታ ተዘጋጅቶ አይመጣም። የእኛም ሰዎች ባሕር ማዶ ይህን አውቀውታል። በዋሽንግተን አካባቢ አርቲስት ዓለምፀሐይ ወዳጆ ያቋቋመችው ጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከል ተመልካቹ በሄደበት መድረኩም እንዲከተል ያደረገ ነው። ዋሽንግተን የደረሰ መድረክ አያት መድረስ እንዴት ያቅተዋል?

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ የባህል ኃላፊዎችና መምህራን ይኖራሉና ጥቂት ተግባራዊ ነገር ልናገር። በየወረዳው የወጣት ማዕከላት አሉ፤ ብዙዎቹ ከሰዓት በኋላ የሚሰጡት አገልግሎት የጠረጴዛ ኳስ ነው። የጠረጴዛ ኳስ ጠላት አይደለሁም። ነገር ግን አንድ ክፍል፣ ሀያ ወንበርና በወር አንድ ቅዳሜ ለንባብ ቢሰጥ ምንም በጀት አይጠይቅም። ቴአትር ቤቶቻችንም ልብሱን ሳይሰፉ፣ መብራቱን ሳይተክሉ፣ ተዋንያን ጽሑፉን በእጃቸው ይዘው አዲስ ድርሰት የሚያነቡበትን አንድ ከሰዓት በኋላ ሊከፍቱ ይችላሉ፤ ገምጋሚው ኮሚቴም በዚያው ተገኝቶ ተመልካቹ የት እንደ ሳቀና የት እንደ ዝም አለ ቢሰማ ለውሳኔው ይረዳዋል። ገጣሚያኑ በራስ ሆቴል ግጥም በጃዝ እያሉ ስንኛቸውን በመቶ ለሚቆጠር አድማጭ ያሰሙበት መድረክ ነበራቸው። ያላለቀ ተውኔት ግን እንዲህ ያለ ማደሪያ አላገኘም።

መምህሩ በቅርቡ አንድ ችግር ገጠመው። ስለ ድርሰቱ የሰማ፣ በአንድ ቴአትር ቤት ውስጥ ሰው የሚያውቅ ወዳጁ መከረው፦ ጥሩምባውን አውጣው፤ ጥሩምባ ለቅሶ ያስታውሳል፤ ተመልካች ቅዳሜ ከሰዓት ገንዘቡን ከፍሎ የሚመጣው ሊስቅ ነው፤ በምትኩ ሠርግ አስገባበት፤ ዳኛውና ሹሙ በልጆቻቸው ይጋቡ፤ ይህን ካደረግህ በስድስት ወር ውስጥ መድረክ ላይ ታየዋለህ። ወዳጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ የተናገረውም ውሸት አይደለም። መምህሩ ሁለት ልጆች አሉት፤ የመምህር ደመወዝ ምን እንደሚያክል ለዚህ መጽሔት አንባብያን አልዘረዝርም። ሠርጉ ያለበትን ረቂቅ ጽፎ አመጣው። አነበብነው። ምልልሱ ፈጣን ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ከልባችን ሳቅን። ሲያልቅ ግን ከበሩ ውጭ ያሉት አዛውንት በርጩማቸውን አንሥተው ወደ ዋናው በር ሄደው ነበር፤ ማንም ሲሄዱ አላያቸውም።

ሁለቱ ረቂቆች አሁን በአንድ ቦርሳ ውስጥ ናቸው። የትኛው ለገምጋሚው እንደሚገባ የሚወስነው እርሱ ነው፤ በደንባችን መሠረት ማናችንም አልመከርነውም። ከሠርጉ ረቂቅ በኋላ ግን የሌሊቱን ትዕይንት አንድ ጊዜ እንድናነብለት ለመነን፤ እናትየዋን ነርሷ፣ ጥሩምባ ነፊውን እኔ እንድንሆን ጠየቀ። ችግሩ በሚመጣው ቅዳሜ የጋራ መገልገያው ቤት ለእውነተኛ ሠርግ መያዙ ነው። ስለዚህ ሦስተኛውን ገቢር የምናነበው በብሎኩ ደረጃ ላይ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ይሆናል። የሕንፃውን ኮሚቴ አስፈቅደናል። ጥሩምባውንም አዛውንቱ ከቤታቸው ይዘውት እንደሚመጡ ነግረውናል።